የሴራሚክ ኮላ፦ ሲሚንቶው ይቀነስ፣ ግን ከረጢቱ ላይ ይጻፍ

አንድ ካሬ ሜትር ወለል በለመድነው መንገድ ሴራሚክ ሲነጠፍ ከሥሩ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ሞርታር ይደለደላል። ይህ 25 ሊትር ሞርታር ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ አሸዋ ተደባልቆ ከሆነ በውስጡ 9 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ አለ። ይኸው ካሬ ሜትር በከረጢት በሚሸጠው ደረቅ ኮላ፣ ጥርስ ባለው የብረት መሣሪያ ተቀብቶ ሲነጠፍ ግን የሚፈጀው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዱቄት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሲሚንቶው ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ስለ “አረንጓዴ” የግንባታ ዕቃ ከማውራታችን በፊት ይህ ስሌት መቅደም አለበት ባይ ነን።

ሲሚንቶ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ብዙ ሰው ጥፋቱ የነዳጁ ብቻ ይመስለዋል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ግን ድንጋዩ ራሱ ከክብደቱ 44 በመቶ የሚሆነውን በጋዝ መልክ ይለቃል። ክሊንከር ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን 60 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመሆኑም እቶኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ነዳጁም ቢቀየር፣ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቆያል። የሚያዋጣው መንገድ በምርቱ ውስጥ የሚገባውን ክሊንከር መቀነስ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ጀማሪ አይደለችም። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ከክሊንከሩ ጋር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገባበት ነው። ግንበኛው ግን እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ያየዋል፣ “ደካማው” ይለዋል። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም፤ ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ይህ መዘግየት የበለጠ ይሰማል። ዛሬ ሴራሚክ አንጥፎ ነገ ሊረግጥበት ለሚፈልግ ባለንብረት የሃያ ስምንት ቀን ጥንካሬ ምኑም አይደለም።

የኮላ አምራች ፈተናም እዚሁ ላይ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ምሥጢር ብዙ አይደለም፦ ሲሚንቶ፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ውኃው ቶሎ እንዳይመጠጥ የሚይዝ ከአንድ በመቶ በታች የሆነ የሴሉሎስ ዱቄት፣ ሻል ባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ጥቂት በመቶ የፖሊመር ዱቄት። ፖሊመሩ የቅንጦት አይደለም። ገበያውን የያዘው ፖርስሊን ውኃ የሚመጠው ከክብደቱ 0.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ባዶ የሲሚንቶ ሞርታር የሚይዝበት ቀዳዳ ስለሌለው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያም ይለቃል። ወለል ላይ ከሆነ ጉዳቱ ገንዘብ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመንገድ በኩል ከሆነ ግን የሚወድቀው በሰው ራስ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የዋጋው ነገር ይመጣል። ፖሊመሩ የፔትሮሊየም ውጤት ነው፤ በዶላር ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደባላቂው ከምንም በፊት ለመቀነስ የሚፈተነው ይህንኑ ነው። ክሊንከሩንም ፖሊመሩንም ቀንሶ ከረጢቱ ላይ ቅጠል ሥሎ “አካባቢን የማይጎዳ” ብሎ ቢሸጥ ማን ያውቅበታል? ገዢው በዓይኑ የሚያየው ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው።

ክሊንከሩን የሚተካው ነገር ግን እጃችን ላይ አለ። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በሞጆና በአዳማ አካባቢ፣ ፑሚስ ሞልቷል። እቶን አያስፈልገውም፤ ደርቆ መፈጨት ብቻ ነው። ሌላው መንገድ በስዊዘርላንድ የሎዛን ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ካረን ስክሪቨነርና ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት ነው፦ ክሊንከሩን ወደ 50 በመቶ አውርዶ፣ 30 በመቶ የተጠበሰ ሸክላ፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ ቀሪውን ጂፕሰም ማድረግ። ሸክላው የሚጠበሰው በ800 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክሊንከር ግን 1450 ይጠይቃል። ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ድረስ ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆን ካኦሊን በቦምቦዋሃ፣ ክብረ መንግሥት አካባቢ አለን። ይሁንና ከዚያ ድረስ በከባድ መኪና ጭኖ ማምጣት ራሱ ናፍጣ ነው። በእኔ ግምት ለኮላ ደባላቂ መጀመሪያ ፑሚሱ ይቀድማል፤ ሸክላው ግን የትልልቆቹ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሥራ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ፋብሪካ ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ ኩንታሉ ብዛት ነበር። የ2014ቱን እጥረት ላየ ሰው አይፈረድበትም፤ አሁን ግን ስለ ዓይነቱም ይወራ።

ተቋራጮች የሚያነሱት አንድ ተቃውሞ አለ፤ እውነትም አለበት። ቀጭን ኮላ የሚሠራው ቀጥ ባለ ልስን ላይ ነው። ግድግዳው ሦስት ሳንቲሜትር ከተንጋደደ አንጣፊው ውድ የሆነውን ኮላ እንደ ሞርታር ይቆልለዋል፣ ቁጠባውም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሲሚንቶው ቅነሳ የሚጀምረው ከላሳኙ ቱንቢ ነው ማለት ይቻላል።

መለኪያውን በተመለከተ እንደገና መፍጠር አያሻም። ኢ.ኤን. 12004 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ተራውን ኮላ በካሬ ሚሊሜትር 0.5 ኒውተን፣ የተሻሻለውን 1 ኒውተን እንዲይዝ ይጠይቃል። በተራ ቋንቋ፣ አምስት በአምስት ሳንቲሜትር የሆነች ቁራጭ ሴራሚክ ለመንቀል ቢያንስ የ125 ኪሎ ያህል ጉልበት መፈለግ አለበት፤ ያውም ውኃ ውስጥ ሰንብታ፣ በ70 ዲግሪ ሙቀትም ከርማ። ፑሚስ የበዛበት ኮላ ይህን ካለፈ የግንበኛው ጥርጣሬ መልስ አገኘ ማለት ነው። ካላለፈ ቅጠሉ ከከረጢቱ ይፋቅ።

አስመጪውም የአገር ውስጥ ደባላቂውም ሦስት ነገር በአማርኛ ያትሙ፦ የመንቀያ ጉልበቱን ከነተፈተነበት ቀን፣ ለፖርስሊን መሆን አለመሆኑን፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚረገጥ። የሕንፃ ባለቤቶችም ጅምላ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ከረጢት ወስደው በራሳቸው ግድግዳ ላይ ያስለጥፉና ከወር በኋላ ያስነቅሉት።