ስም የሰጡና ስም የተነፈጉ

ይህ እትም የጾታ ማንነት፣ ማለትም ሰው ራሱን ወንድ፣ ሴት ወይም ከሁለቱ ውጭ አድርጎ የሚረዳበት ውስጣዊ ግንዛቤ፣ በወጣቶች ንቅናቄ ውስጥ እንዴት እንደተሰየመ ይመረምራል። ማርሻ ፒ. ጆንሰንና ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረችው ሲልቪያ ሪቬራ በ1970 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከየቤታቸው ተባረው ጎዳና ለወደቁ ወጣቶች «ስታር» የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ «ትራንስጀንደር»፣ ማለትም የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የሚለይ ሰው፣ የሚለው መጠሪያ ገና ስላልተስፋፋ ራሳቸውን የጠሩት «ትራንስቬስታይት»፣ ማለትም የተቃራኒ ጾታ ልብስ ለባሽ፣ ብለው ሲሆን፣ ይህ ቃል ዛሬ ብዙዎችን ያስቀይማል። ሆኖም በዛሬው ሚዛን ብቻ ሊነቀፉ አይገባም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሪቬራ በዚያው በኒው ዮርክ በሚገኘው ዋሽንግተን ስኩዌር መድረክ ላይ ወጥታ ስለታሰሩት ወገኖቿ ስትናገር የጮኸባት የገዛ ንቅናቄዋ ሕዝብ ነበር፤ እጅግ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የራሳቸው ድምፅ ዳግም እንዳይዋጥም በእትሙ ቅድሚያ የተሰጠው ወጣቶቹ ራሳቸውን ለጠሩበት ስም ነው።