ወንድሜን ከመድኃኒቱ ለለያችሁት

በወንድሜ ቀብር ላይ የተገኛችሁ አብዛኞቻችሁ «ልቡ ነው» ተብላችኋል። ልቡ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ልብ ምን ይሆናል? ወንድሜ የሞተው ፈንታኒል በሚባል ዕፅ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ። ይህን ስጽፍ እናታችን ታውቃለች። ዘመድ እንዳይሰማ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት፣ አርባው ከወጣ በኋላ «ጻፊው፤ ከእንግዲህ ማንን ነው የማፍረው?» አለችኝ።

ደብዳቤው ለብዙ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለእናንተ ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ወንድሜን አልጋ ሰጥታችሁ ለተቀበላችሁት የማገገሚያ ቤት ኃላፊዎች። የቤታችሁን ስም አልጽፍም። እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወንድሜ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ታክሞ ነበር። ሱሱ የጀመረው ብዙ ቤተሰብ በሚያውቀው መንገድ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ትከሻው ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ የማስታገሻ ክኒን ታዘዘለት፤ ትዕዛዙ ሲያበቃ ደግሞ ከመንገድ የሚገዛው ፈንታኒል ያለበት ሰማያዊ ክኒን መጣ። ስለ ፋብሪካዎቹ እዚህ ብዙ አልልም። ኦክሲኮንቲን የተባለውን ማስታገሻ በ1996 ለገበያ ያቀረበው ፐርዱ ፋርማ፣ በ2007 እህት ኩባንያው፣ በ2020 ደግሞ ራሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ ብሏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የወንድሜ ክኒን ከሌላ ፋብሪካ ነበር። ያም ሆነ ይህ እነሱን የሚከስ መንግሥት አለ። እናንተን የሚጠይቅ ስላጣሁ እኔ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ መድኃኒቱን ያገኘው ከአንዲት ክሊኒክ ነው። ሰቦክሶን ይባላል፤ ዋናው ነገሩ ቡፕረኖርፊን ነው። ጠዋት ጠዋት ከምላሱ ሥር ያሟሟዋል። አንጎል ውስጥ ሄሮይንም ሆነ ፈንታኒል የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ሐራራውን ያስታግሳል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ግን ኃይሉ ስለማይጨምር እንደ ፈንታኒል ትንፋሽ አይቆርጥም። ወንድሜ በዚያ መድኃኒት ላይ እያለ ሥራ ገባ። ወፈረ። የእህቴን ልጅ ኳስ ሜዳ ይወስደው ጀመር። የእናታችንን የደም ግፊት ክኒን እሑድ እሑድ በየቀኑ ሳጥን እየከፋፈለ የሚሞላላት እሱ ነበር። እናታችን ያንን ክኒን ስንት ዓመት ስትውጥ «መቼ ነው የምታቆሚው?» ያላት ሰው የለም።

ወደ እናንተ የመጣው፣ ክኒን የሚሸጡት ልጆች ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ስለማይጠፉ ነው። የሚፈልገው ከእነሱ ርቆ የሚያድርበት ቤት ነበር፤ መድኃኒቱ ነበረው። እናንተ በሩ ላይ አቁማችሁ «እዚህ የሚገባ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሰቦክሶን አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጥ ነው» አላችሁት። የሚተኛበት ስለፈለገ አቆመ።

ይህን ስትሉ ምን ማስረጃ ይዛችሁ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ ስለራቀኝ ሌሊት ሌሊት አነብ ነበር። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አርባ የሄሮይን ሱሰኞችን ለሁለት ከፈሏቸው። ሃያዎቹ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቡፕረኖርፊን ተሰጣቸው። ሃያዎቹ በስድስት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲያቆሙ ተደረገና ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ተሰጣቸው። ምክሩ፣ የቡድን ስብሰባው፣ የሽንት ምርመራው ለሁለቱም እኩል ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ለሁለተኛዎቹ የተሰጠው ሕክምና ልክ የእናንተ ቤት ሕክምና ነው። ዓመቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ከሚወስዱት ከመቶ 75ቱ ሕክምናው ውስጥ ነበሩ። ከሌሎቹ አንድም አልቀረም። አራቱ ሞተዋል። ከሃያው ሰው አራቱ። ወንድሜ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለ የታወቀ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ቡፕረኖርፊንንና ለዚሁ ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው በ2005 ነው። ሮድ አይላንድ በ2016 በእስር ቤቶቿ ውስጥ መድኃኒቶቹን ለእስረኞች መስጠት ጀመረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከእስር ወጥተው ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እስር ቤት ለእስረኛ የፈቀደውን እናንተ በገዛ እግሩ ለመጣ ሰው ከለከላችሁ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም በኤፕሪል 2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሐኪም የታዘዘለትን እንዲህ ያለ መድኃኒት ስለሚወስድ ብቻ ሰውን ከአገልግሎት ማስወጣት የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ሊጥስ እንደሚችል ጽፏል። መመሪያው ደርሷችሁ ነበር?

ፕሮግራማችሁን ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ሰጣችሁት። እናታችን ዶሮ ሠራች። ያን ቀን ማናችንም ያልተነገረን ነገር ነበር፤ ሰውነቱ መቻሉን ትቷል። ድሮ ይወስደው የነበረው መጠን፣ ከዚያም ያነሰው፣ አሁን ይገድለዋል። ሐራራው ግን አልሞተም፤ የሚያስታግሰው ነገር ተወስዶበት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ወንድሜ ከእናንተ ቤት በወጣ ወር ሳይሞላው ሞተ። በእናንተ መዝገብ «ያጠናቀቀ» ተብሎ እንደሚቆጠር ሰማሁ።

አሁን ለእርስዎ ዶክተር። ምናልባት አያስታውሱትም፤ የድንገተኛ ክፍል ሌሊት ረጅም ነው። ወንድሜ መጀመሪያ የወደቀ ጊዜ የአምቡላንስ ሰዎች ናርካን የሚባለውን የዕፁን ኃይል የሚቀለብስ መድኃኒት ሰጥተው ከሞት መልሰው ወደ እርስዎ አመጡት። ሳይነጋ አሰናበቱት። በእጁ የነበረው በእንግሊዝኛ የታተመ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። አንዱ ቁጥር አይሠራም፤ ሌላው ወረፋ ያዙ አለን። ዬል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ፈትነው በ2015 አሳትመዋል። እንዲህ ወደ ሌላ ቦታ ብቻ ከተመሩት ሕመምተኞች ከወር በኋላ ሕክምና ላይ የተገኙት ከመቶ 37 ናቸው። ድንገተኛ ክፍሉ ራሱ ቡፕረኖርፊን ካስጀመራቸው ግን 78። በፊት ሐኪም ይህን መድኃኒት ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ያ ሰበብ በ2022 መጨረሻ በሕግ ተሽሯል። ወንድሜ እርስዎ ዘንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ሌሊት ለእናታችን ያስተረጎመላት የእህቴ ልጅ ነው፤ ገና ሕፃን ነው። «አያቴ፣ አጎቴ ሊሞት ነበር ይላሉ» አላት። ሌላውን የሚናገርበት አማርኛ አልነበረውም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛችን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ለማግኘት ደቂቃዎች በቂ ነበሩ።

ለአባቶቻችን፣ ለጋሼዎቻችንና ለእትዬዎቻችን ደግሞ በአክብሮት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። ወንድሜ አልደበቀም። ተናገረ፤ መድኃኒቱም ተገኘለት። ክኒኑን ትቶ ጠበል ይግባ ያላችሁት፣ «ይህም እኮ ያው ሐሺሽ ነው» ያላችሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጠበሉን አልናቅሁም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ የሆነውን የረሳችሁ መሰለኝ። የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበል ስለገቡ ክኒናቸውን እየጣሉ በሞቱበት ዘመን፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ2007 መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል። ያ ትምህርት እዚህ እኛ ዘንድ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ቀብሩ ላይ «ልቡ ነው በሉ» ብላችሁ የመከራችሁንም ለክብራችን ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ግን ልጃቸው በዚሁ ነገር የተያዘ ወላጆች ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ለእነዚያ ወላጆች ለቅሶ ቤት ያልተነገራቸውን እዚህ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ሰቦክሶንን ለማዘዝ ዛሬ ልዩ ክሊኒክ አያስፈልግም፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር ያዝዙታል፣ ከተራ ፋርማሲ ይገኛል። የወንድሜ ቀጠሮ በስልክ ነበር፤ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወሰደ። መጀመር ያለበት ሐራራው ከተነሳ በኋላ ነው፤ ሌላው ዕፅ ከሰውነት ሳይወጣ ከተወሰደ ራሱ ሐራራውን በኃይል ይቀሰቅሰዋልና። ፈንታኒል ለወሰደ ሰው ጥበቃው ሊረዝም ስለሚችል ሰዓቱን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ሰቦክሶን ላልያዘለት ሜታዶን አለ፤ እሱ የሚሰጠው ፈቃድ ባላቸው ክሊኒኮች ብቻ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ግን ክሊኒኩ ካመነበት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የተወሰነውን ቤት ወስዶ መዋጥ ይቻላል። በወር አንዴ የሚወጋ ናልትሬክሶንም አለ፤ እሱን ለመጀመር ከሳምንት በላይ ከሁሉም ርቆ መቆየት ስለሚጠይቅ ብዙዎች እዚያ አይደርሱም። ሜዲኬይድ ሦስቱንም ይከፍላል። ናርካን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል፤ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በነጻም ያድላሉ፤ ልጃችሁ ይወስድ አይወስድ ሳታውቁም ቤት አስቀምጡ። በ1-800-662-4357 ቀንም ሌሊትም በነጻ ደውላችሁ የቅርባችሁን ሕክምና መጠየቅ ትችላላችሁ። ወሬው ይወጣል ብላችሁ አትፍሩ፤ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ልጁ ፈቃድ ለአሠሪውም ለእድሩም አይነገርም። በ2022 በዚህ አገር ለዚህ ሱስ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ያገኙት ከአራት አንድ ብቻ ናቸው። ወንድሜ ከአራቱ ያ አንዱ ነበር፣ አንድ ጊዜ።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ የማገገሚያ ቤቱ ኃላፊዎች። በቅርቡ አንዲት የማላውቃት እናት ደወለችልኝ። ልጇ ሜታዶን ላይ ነው፤ ሥራ ይሠራል፤ የሚያድርበት ቤት ይፈልጋል። ከቢሯችሁ «ጨርሶ አቁሞ ይምጣ» ተብሏል። ያ ልጅ ከነመድኃኒቱ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ከእሱ በኋላ የሚመጣውም እንዲሁ። ደንባችሁ ከተቀየረ በጽሑፍ አሳውቁኝ፤ ካልተቀየረም ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ከሥሩ ሐኪማችሁ ፈርሞበት ላኩልኝ፤ ሐኪም ካላችሁ። አድራሻዬን መፈለግ አያስፈልጋችሁም። በወንድሜ ማኅደር የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው መስመር ተጽፏል።

እህቱ
ሜሪላንድ