ስብሰባ ላይ ናቸው

ዘንድሮ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየገጠሩ ሥራ የያዛችሁ የወጣት ኅብረታችን ልጆች፣ እሁድ እሁድ ምስክርነታችሁን እሰማለሁ። ዛሬ ስለ ሰኞ እንነጋገር።

አንድ ገበሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጭቃውን አቋርጦ ቢሮ ይደርሳል። በሩ ላይ የሚያገኘው እናንተን ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» ትሉታላችሁ። ኃላፊው ግን ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ይህ ውሸት ነው። «የሥራ ጠባይ ነው» አትበሉኝ።

እኔም ብዬዋለሁ። ተመርቄ መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቢሮ አንድ አባት ስለ መሬት ደብተራቸው ለአራተኛ ጊዜ መጡ። ፋይላቸው እንደ ጠፋ ካወቅን ወር አልፎናል። «በሂደት ላይ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። መጥፋቱን ብነግራቸው ኖሮ የድንበር ጎረቤቶቻቸውን ምስክር አድርገው ጉዳያቸውን እንደገና ይጀምሩ ነበር። እኔ ከአንዲት ደቂቃ ሐፍረት ለማምለጥ የአራት ቀን እርሻቸውን በላሁባቸው። ምሳሌ 3፥28 በእጁ ያለውን መስጠት እየቻለ ባልንጀራውን በነገ የሚሸኘውን ይከለክላል። እውነትም በእጅ ያለ ነገር ነው።

«ቁርጡን መናገር በእኛ አገር ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰምና ወርቁን እኔም እወዳለሁ። ማዳበሪያ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ግን ቅኔ ሊፈታ አልመጣም። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ማዳበሪያ ሲጠፋ፣ «አልገባም፤ መቼ እንደሚገባም አናውቅም» የተባለ ገበሬ ቢያንስ ማሳውን ለኑግ ወይም ለግብጦ ማዋል ይችላል። «ይመጣል፣ ጠብቁ» የተባለው ግን ዝናቡ እያለፈው ይጠብቃል።

ደግሞ ውሸት ሳይኖርበት በር የሚዘጋ አነጋገር አለ። «የግብዓት ሥርጭቱን ፍትሐዊነት ለማረጋገጥ በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት» ብላችሁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። ለማን? ማንበብ ለማይችለው? ማንበብ የሚችለውስ ምን ገባው? ጳውሎስ ድምፁ ስለማይለይ መለከት ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ስለ ጉባኤ ነው፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳም ይሠራል። በገበያ ቀን ወጥታችሁ «የእገሌ ቀበሌ ሰዎች፣ ሐሙስ ኑ» በሉ፤ አለቀ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ከሕዝብ እንዳይሸሸግ ያዝዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው፣ ከተከለከለም ምክንያቱ እንዲነገረው ደንግጓል። በዚህ ነገር ሕጉ እኛን ወንጌል አማኞቹን መቅደሙ ያሳፍራል።

ሰኞ ጠዋት አለቃችሁ «የለም በልልኝ» ሲላችሁ፣ «አሉ፣ ግን ዛሬ አይመቻቸውም ብል ይሻላል» በሉ። ሊቆጡ ይችላሉ። እድገትም ሊያስቀርባችሁ ይችላል፤ ቀላል ነው አላልኩም። ብቻ «እጸልይበታለሁ» አትበሉኝ። እሱ የእኛው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው።