ዓይኑ የሚወዛወዝ ሰው ዓለምን እንዴት ያያል?

ኒስታግመስ የሚባለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጕሙም በእንቅልፍ ጊዜ ራስን መነቅነቅ ማለት ነው። የሚያንቀላፋ ሰው ራሱ ቀስ ብሎ ይወርድና ድንገት ብድግ ይላል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰውም ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተትና ቶሎ ዘሎ ይመለሳል፤ ይህም ያለ ፈቃዱ፣ ያለ ዕረፍት፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አያሌ ጊዜ ይሆንበታል። በአገራችን የሕመሙ ስም እምብዛም አይታወቅም፤ ስድቡ ግን ይታወቃል። «ዓይኑ የሚቅበዘበዝ» እንላለን፤ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ደግሞ ወይ ሌባ ነው ወይ ውሸታም ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ከ10,000 ሰው 24 ያህሉ ይህ ነገር እንዳለባቸው አመልክቷል። የእንግሊዝን ቍጥር እንዳለ አምጥቶ ለጎንደር መስጠት አይገባም፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪ ባለበት ተማሪ ቤት ሁሉ አንድ ሁለት ልጅ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ገጻቸውና ጠጕራቸው ነጭ ሆነው ከሚወለዱት ልጆችም አብዛኞቹ ዓይናቸው ይወዛወዛል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዓይኑ የማይወዛወዝ ሰው ይህን ኑሮ እንዴት ሊያውቀው ይችላል? ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ የሚባለው ዘዴ ለዚህ የተመቸ ይመስላል። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 በራስ ላይ የሚደፋ የሥዕል መነጽር ሲሠራ፣ መሣሪያው ከክብደቱ የተነሣ ከጣራ ላይ መንጠልጠል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ጉግል ሁለት ሌንስ የተሰካበት የካርቶን ሣጥን አወጣ፤ ስልክ በውስጡ ገብቶ ዓይን ላይ ሲደገን ሰውዬው ራሱን ወዳዞረበት ሁሉ ሌላ ዓለም ይታየዋል።

ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ በፊልም አንሥተን፣ እነዚያን ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚመለከቱን መላእክት በመነጽሩ ውስጥ ግራና ቀኝ ብናወዛውዛቸው ተመልካቹ ብዙም ሳይቆይ ያጥወለውለዋል። መነጽሩን ያወልቅና «ወይ ምስኪን! እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል?» ይላል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ አብሮት የተወለደ ወይም በሕፃንነቱ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓለም ስትወዛወዝ አያያትም፤ አንጐሉ ከጥንት ጀምሮ ለምዶታልና ሥዕሉን ያረጋለታል። ዓለም የምትወዛወዝበት ካደገ በኋላ ሕመሙ የመጣበት ሰው ነው። ስለዚህ ያ መነጽር ለኋለኛው እውነተኛ ምስክር ሲሆን ለፊተኛው ሐሰተኛ ምስክር ነው።

በክፍል ውስጥ የማውቀውን አንድ ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ይንቀጠቀጥብህ እንደ ሆነ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ኧረ መምህር፣ ሰሌዳው ደኅና ቆሟል፤ የምትቸኩሉት እናንተ ናችሁ» አለኝ።

ልክ ነው። ዓይን ጥርት አድርጎ የሚያየው ሥዕሉ በመካከለኛው ትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሥዕሉ እዚያ የሚያርፈው ለቅጽበት ነው። ማየቱን ያያል፤ ግን ጊዜ ይፈጅበታል። ፊደሉን ሲለቅም አስተማሪው ሰሌዳውን ጠርጎ ይሄዳል። በዳባትና በደባርቅ በኩል ባለው ደጋ ደግሞ ከሰሌዳው የባሰ ፈተና አለ፤ እሱም ሰላምታ ነው። ሽማግሌ ከማዶ ሲመጣ አይቶ ያልተነሣ ልጅ ባለጌ ይባላል፤ ወላጆቹም አብረው ይታማሉ። ልጁ ግን መልኩን የሚለየው ሽማግሌው አጠገቡ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ሰላምታው አልፏል። በመሥሪያ ቤትም ወረቀቱን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ የሚያነብ ባለጉዳይ ሲመጣ ወረፋው ከኋላው ያጕረመርማል፤ ድካምና ጭንቀት ደግሞ የዓይኑን መወዛወዝ ያብሱበታል።

አሪዬል ሲልቨርማን የተባለች፣ ራሷም ዓይነ ስውር የሆነች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልንጀሮቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው ጥናት፣ ዓይናቸውን ተሸፍነው ዓይነ ስውርነትን ለጥቂት ጊዜ የሞከሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውራንን ሠርቶ ለማደርና ራስን ችሎ ለመኖር የማይበቁ አድርገው መገመታቸውን አሳይታለች። የመጀመሪያውን ድንጋጤ እንጂ የዓመታቱን ልምድ አልቀመሱምና ነው።

እኔ ብሆን መነጽሩን ሌላ ሥራ እሰጠው ነበር። ሥዕሉን ከማወዛወዝ ይልቅ ተመልካቹን ቅዳሜ ገበያ መካከል አቁሜ፣ የሰው ሁሉ ፊት አሥር እርምጃ እስኪቀርበው ድረስ እንዳይለይለት አደርግ ነበር። ከዚያም አንዱ ከሩቅ በስሙ ጠርቶት መልስ ሲያጣ ተቀይሞ ይለፈው። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ ፊደሉ ብልጭ ብሎ እየጠፋበት ጽሑፉን ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳውን እጠርግበት ነበር። ይህ አያጥወለውልም፤ ያበሳጫል እንጂ። ብስጭቱም ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ሕክምናን በተመለከተ፣ የዓይን መነጽር እይታን ሊያሻሽል ይችላል እንጂ መወዛወዙን አያቆምም። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ዓይናቸው ረጋ የሚልበት አንድ አቅጣጫ አላቸው፤ ራሳቸውን ጠምዘዝ አድርገው የሚያዩት በዚያ ለመጠቀም ነው። አስተማሪ «አንገትህን አቅና!» ብሎ ሲቈጣ የልጁን መስኮት ይዘጋበታል። ኬስተንባውም የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የዓይን ጡንቻዎችን በቀዶ ሕክምና አዛውሮ ያን የረጋ አቅጣጫ ወደ ፊት ለፊት የሚያመጣበትን ዘዴ ገልጿል።

ጎንደር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ይሰጣል፤ የእይታ መርማሪዎችንም ያስተምራል። ዓይኑ የሚወዛወዝ ሕፃን ሁሉ መመርመር አለበት፤ የዓይን ሞራ ወይም ሌላ ነገር ከበስተ ኋላው ሊኖር ይችላልና። ካደገ በኋላ ድንገት የጀመረው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ምክንያቱ ከአንጐል ወይም ከውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚቀረው የወንበር ነገር ነው። ራሱን ወደ ቀኝ አዙሮ ዓይኑን ወደ ግራ የሚያደርግ ልጅ ከክፍሉ በስተ ቀኝ ቢቀመጥ አንገቱን ሳያጣምም ሰሌዳውን ያያል፤ በተቃራኒው የሚያየው ደግሞ በስተ ግራ ይቀመጥ። በፈተና ቀንም ወረቀቱ ጐላ ባለ ፊደል ቢታተምለትና ከሌሎቹ ጥቂት ደቂቃ ቢጨመርለት መልሱን ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል።