የሰንጠረዥ ወረራና የኮምፒዩተሩ ጦር ሜዳ

በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ተራዎች የሚያዘወትር ሰው፣ ማውዝ፣ አሮጌ የግራፊክስ ካርድና የኔትወርክ ገመድ የሚያማርጡ ተማሪዎችን ሳያይ አይመለስም። ዕቃው ሁሉ ለጥናት እንደማይገዛ ወላጆችም ያውቃሉ። እኛም ብናውቅ አይከፋንም፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ከዕቃዎቹ ጀርባ ስላለው አንድ ዓይነት ጨዋታ ነውና። የጥንት ዘመን ጦርነትን የሚያስመስሉ ስልታዊ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» እና በ2004 ከወጣው «ሮም፡ ቶታል ዋር» ጀምሮ ብዙ ትውልድ አፍርተዋል። የእኛም ታሪክ ከጊዜ በኋላ ገብቶባቸዋል። «ቶታል ዋር፡ አቲላ» በ2016 በተጨመረለት ክፍል የአክሱምን መንግሥት ሠራዊት ለተጫዋቾች አቅርቧል። የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሁለተኛ ክፍል ደግሞ በ2015 ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው አስገብቷል።

እነዚህን ጨዋታዎች ቤቱ ተቀምጦ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተጫወተና አሥር ጊዜ ያሸነፈ ጀማሪ፣ አንድ ቀን በኢንተርኔት ከሰው ጋር ሲገጥም ሠራዊቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይበተንበታል። ጣቴ ዘገምተኛ ነው፣ ወይም መስመሩ ደካማ ነው ይላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮም ይተወዋል። ሁለቱም ምክንያቶች ጥቂት እውነት አላቸው። የሽንፈቱ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው ብለን እናምናለን፤ እሱንም ለመረዳት ከኮምፒዩተሩ በፊት ወደ ነበረው የአገራችን ጨዋታ መለስ ማለት ይጠቅማል።

ሰንጠረዥ ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ የቅርብ ዘመድ ነው። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የሚባል ነገር የለውም፤ በመስመር ብቻ የተከፈሉ 64 ቤቶች አሉት። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ይሰለፉበታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ በሰፊው ዘርዝረዋል። ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው መጀመሪያው ነው። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች «በእውነተኛ ሰዓት የሚካሄድ» ብለው የሚጠሩት ሥርዓት፣ አያቶቻችን በወረራ የሚያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የወረራን ጠባይ ልብ በሉ። በወረራ የሚጠቀመው እጁ የፈጠነው ብቻ አይደለም። ጥሩ ተጫዋች ጥቂት ያንቀሳቅስና የባላጋራውን አሰላለፍ ያያል፤ ባላጋራው ፈረሱን ወደ ቀኝ ካወጣ የራሱን መደቆች አሰላለፍ ይለውጣል፤ ያወጣውንም ይመልሳል። ዐይኑን በራሱ ጠጠሮች ላይ ብቻ ተክሎ የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ የሚያገኘው የተሠራበትን ወጥመድ ነው።

የኢንተርኔቱም ጀማሪ የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። ቤቱ ሲጫወት ጨዋታውን አቁሞ ሜዳውን መቃኘት፣ ለእያንዳንዱ ጭፍራ ትእዛዝ መስጠት፣ ከዚያም ማስቀጠል ይችል ነበር። ከሰው ጋር ሲገጥም ማቆም የለም። ስለዚህ በሜዳው ላይ ከወታደርም ከወርቅም ይልቅ የሚያንሰው ሀብት የተጫዋቹ ትኩረት ነው፤ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልምና። ልምድ ያለው ተጫዋች ይህን ሀብት የሚቆጥበው ከውጊያው በፊት በመወሰን ነው። ጭፍሮቹን በቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን በኪቦርዱ ላይ ቁጥር ይሰጣል፤ ቀስተኞች 1፣ ጦረኞች 2፣ ፈረሰኞች 3 እያለ። በማውዝ ሜዳውን ሲያስስ የሚባክነው ሰከንድ በአንድ ቁልፍ ይተርፋል። ይህን በአንድ ቀን መልመድ ይቻላል፤ ሆኖም አብዛኛው ጀማሪ አይለምደውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለላ ነው። መርካቶ የገባ ገዢ በመጀመሪያው ሱቅ ገንዘቡን አያወጣም፤ ተራውን ሙሉ ዞሮ፣ የሦስት አራት ነጋዴ ዋጋ ሰምቶ፣ የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ለይቶ ነው የሚመለስ። ይህን የሚያውቅ የአዲስ ከተማ ልጅ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ሠራዊቱን በሙሉ ሰብስቦ ወዳላየው ሸለቆ ይነዳል። አንድ ፈረሰኛ አስቀድሞ ቢልክ የሚያጣው አንድ ፈረሰኛ ነው። ሳያይ ቢሄድ ስንት እንደሚያጣ ለማወቅ ከአድዋ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በአልቤርቶኔ፣ በአሪሞንዲና በዳቦርሚዳ ሥር በሦስት ከፍሎ፣ አራተኛውን በኤሌና ሥር ለመጠባበቂያ አስቀርቶ በሌሊት አንቀሳቀሰ። የአልቤርቶኔ ትእዛዝ ኪዳነ ምሕረት ወደሚባለው ኮረብታ ሄዶ እንዲይዝ ነበር። የጣሊያኖቹ ንድፍ ካርታ ግን ስሙን የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነው። አልቤርቶኔ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ከፊት እንደሆነ ሲነገረው ወደዚያው ገሠገሠ፤ ከጓደኞቹም በብዙ ኪሎ ሜትር ራቀ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በመጀመሪያ እርሱን፣ ከዚያም ሌሎቹን ለየብቻ አገኛቸው። (መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያኖች ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሰው በመጡባቸው ዓመታት የቀረ ቃል መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል።)

ለየብቻ መገኘት ለምን ያን ያህል እንደሚጎዳ በሂሳብ ያሳየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባወጣው ሥራ ሁለት ዓይነት ውጊያ ለየ። የመጀመሪያው ሁሉም ተዋጊ በሩቅ ሆኖ የፈለገውን ዒላማ መምታት የሚችልበት ነው፤ በጨዋታችን የቀስተኞች ውጊያ ወደዚህ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ የአንድ ጦር ኃይል የሚለካው በብዛቱ ሳይሆን ብዛቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። እንበልና በችሎታ እኩል የሆኑ 100 እና 60 ቀስተኞች ተገናኙ። 100 በ100 ሲባዛ 10,000፣ 60 በ60 ሲባዛ 3,600 ነው፤ ልዩነቱ 6,400 ይሆናል። የ6,400 ስኩዌር ሩት 80 ነው። ስለዚህ 60ዎቹ ሁሉ ሲያልቁ ከ100ዎቹ 80 ይተርፋሉ፤ የጠፉት 20 ብቻ ናቸው።

አሁን ያው ባለ 100 ጦር እንደ ብዙ ጀማሪዎች 50ውን አስቀድሞ፣ 50ውን አዘግይቶ ላከ እንበል። በመጀመሪያው ግጥሚያ 50ዎቹ ያልቃሉ፤ ከ60ዎቹም 33 ያህሉ ይተርፋሉ። የቀሩት 50 ሲደርሱ እነዚህን 33 ይጨርሳሉ፤ ሆኖም ከእነርሱ የሚተርፉት 37 ብቻ ናቸው። ሠራዊቱ ያው፣ ጠላቱ ያው፤ ልዩነቱ 43 ነፍስ ነው። ጣት ቢፈጥን ይህን ኪሳራ አይመልሰውም። ቁጥሩን አንባቢው ራሱ በወረቀት ላይ ቢያረጋግጠው ደስ ይለናል።

ሁለተኛው ዓይነት ውጊያ በሰይፍና በጦር አንድ ለአንድ የሚደረገው ነው፤ በተለይ ቦታው ጠባብ ሲሆን። የብዙው ወገን ትርፍ ሰው ከኋላ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው የለውም። በበር ወይም በድልድይ ላይ 60ዎቹ ከ100ዎቹ ጋር ቢገጥሙ በግምት አንድ በአንድ ይተላለቃሉ፤ የሚተርፉትም 40 ናቸው። በሜዳ 20 ብቻ ይገድሉ የነበሩት 60 ሰዎች በበሩ ላይ 60 ገደሉ ማለት ነው። ስለዚህ የበዛ ሠራዊት ያለው ሜዳውን ይፈልግ፣ ያነሰው ጠባቡን ይፈልግ የምንለው የኖረ ተረት ስለሆነ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ጨዋታው ከላንቸስተር ሂሳብ ይሰፋል። በ«ቶታል ዋር» ጭፍራ ሁሉ ወኔ አለው፤ በጎኑ ወይም በጀርባው ሲመታ ሳያልቅ ይሸሻል፤ ሽሽቱም ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ፈረሰኛን ከፊት ወደ ተሰደረ ጦር መንዳት ማባከን ነው፤ ዞሮ ከጀርባ ከመታ በኋላ ወጥቶ እንደገና መምታት አለበት። አዛዡን ከፊት ማሰለፍም የጀማሪ ጀግንነት ነው፤ እርሱ ከሞተ የሁሉም ወኔ ይወድቃል።

ስለ መስመሩ ደግሞ። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልገዋል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመራችን የባሕር ውስጥ ገመዶችን የሚያገኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ነው፤ በመንገድም ብዙ መሣሪያዎች ይቀበሉታል፤ ስለዚህ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ፊዚክስ ማንም አይለውጠውም። የሚያጽናናው ግን የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የጻፉት ነው። ጨዋታቸው በመስመሩ ላይ ወታደሮቹን አይልክም፤ ትእዛዞችን ብቻ ይልካል፤ ያንኑ ውጊያ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለየራሱ ያሰላዋል። ተጫዋቾቹም እስከ ሩብ ሰከንድ የሚደርስ መዘግየትን ልብ እንኳ አላሉትም፤ ያስቸገራቸው አንዴ ፈጥኖ አንዴ የሚዘገይ መስመር ነው። ስለዚህ ጀማሪው ፈጣን መስመር ከመመኘት ይልቅ የማይዋዥቅ መስመር ቢፈልግ ይሻለዋል። በኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ የሚያወርደውን ነገር ሁሉ ይዝጋ፤ ከተቻለም በአየር ከሚመጣው ይልቅ በገመድ ይገናኝ።

ጣት ፈጣን የሆኑ ባለሙያዎች በደቂቃ መቶዎች ትእዛዝ እንደሚሰጡ የሚጠቅሱልን ይኖራሉ። እውነት ነው፤ በላይኛው እርከን እኩል ማየት የሚችሉ ሰዎች ሲገናኙ ፍጥነት ይለያቸዋል። ጀማሪው ግን ገና እዚያ አልደረሰም። እዚያ ለመድረስ ስንት ጊዜ መሸነፍ እንዳለበትም የሚነግረው ሂሳብ አለ። የፊዚክስ መምህር የነበሩት ትውልደ ሀንጋሪ አሜሪካዊ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ ዛሬ ብዙ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ይጠቀሙበታል። በዚህ ሥርዓት 1000 ነጥብ ያለው ሰው 1400 ካለው ጋር ቢጫወት የሚጠበቅለት ከ11 ጨዋታ 1 ማሸነፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሽንፈቶች ሥርዓቱ አዲሱን ተጫዋች የሚለካባቸው ናቸው፤ በሦስተኛው ሽንፈት የሚተው ልጅ መለኪያው ላይ ወጥቶ ቁጥሩን ሳያይ የሚወርድ ሰው ይመስለናል።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ጀማሪዎች ወደ ኢንተርኔቱ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት መንደርደሪያ ቢኖራቸው እንወዳለን። አንደኛው ወረራ ነው፤ ጨርቅ ላይ 64 ቤት ማስመርና ከማንኛውም የቼዝ ጠጠር መጀመር ይቻላል፤ ወጪ የለውም። የሰንጠረዥ ተጫዋች እየጠፋ ባለበት በዚህ ዘመን፣ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ጨዋታውን ለኮምፒዩተሩ ሲሉ እንኳ ቢያነሡት ውለታው ቀላል አይሆንም። ሌላው ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች መጫወት ነው። ከመርካቶ የሚገኝ አነስተኛ ስዊችና ሁለት ገመድ ይበቃል፤ ለኢንተርኔት ጥቅል የሚወጣም ብር የለም። መዘግየት በሌለበት መስመር ላይ የሚሸነፍ ሰው በመስመሩ ማሳበብ ስለማይችል ወደ ራሱ አሰላለፍ ይመለከታል፤ ያሸነፈው ጓደኛውም አጠገቡ ስላለ ምን እንዳየ ሊጠይቀው ይችላል።

ለእነዚህ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ሙከራ እንስጥ። ዓይነታቸው አንድ የሆኑ 100 ቀስተኞች በአንድ ወገን፣ 60 በሌላው አሰልፉና በሜዳ አጋጥሟቸው። የተረፉትን ቁጠሩ። አሥር ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ያዙ፤ ከዚያም 100ውን በሁለት ከፍላችሁ እንደገና ሞክሩ። ውጤቱ 80 እና 37 ላይ በትክክል አይወድቅም። ብዙ ቀስተኞች አንዱን የሞተ ዒላማ ይወጉ ይሆናል፤ የኋለኞቹ ሳይደርሱ የፊቶቹ ይወድቁ ይሆናል፤ ሁሉም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። ልዩነቱ ስንት እንደሆነና ምክንያቱ ምን እንደሚመስላችሁ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩ በመጪው እትም ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።