ስለ መሐመድ ዓሊና ስለ ኬን ኖርተን ፍርድ፦ ለቦክስ ታሪክ ጸሐፍትና ለዝና አዳራሽ ድምፅ ሰጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ሆይ፤

የቦክስን ታሪክ የምትጽፉ፣ ያለፉትን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች እያመዛዘናችሁ በየማዕርጋቸው የምታሰልፉ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በካናስቶታ ከተማ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የቦክስ የዝና አዳራሽ ድምፅ የምትሰጡ ሁላችሁ፣ ብዕራችሁ በሙታን ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር መሆኑን አውቃችሁ በፍርሃትና በጥንቃቄ እንደምትሠሩ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ፍርዳችሁ ከርትዕ የራቀ ስለ መሰለኝ፣ ሥልጣን የሌለው ሰው ባለሥልጣንን በሚማጸንበት ትሕትና ኅሊናችሁን ልማጸን ተነሥቻለሁ።

የመሐመድ ዓሊ ታላቅነት በተነሣ ቍጥር የኬን ኖርተን ስም ተከትሎ ይነሣል፤ በተነሣም ጊዜ በሁለት ወገን ትከፈላላችሁ። አንደኛው ወገን፣ ዓሊ ይህን ሰው በሦስት ግጥሚያና በ39 ዙር አንድ ጊዜ እንኳ ከመሬት ሊጥለው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ክርክር በሌለበት ድል ሊያሸንፈው አልቻለምና ከመንበሩ ዝቅ ሊል ይገባዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ኖርተን አቋሙ የማይመች፣ ዓሊን ለማስቸገር ብቻ የተፈጠረ የሚመስል ሰው ነበርና ከእርሱ ጋር የሆነው ሁሉ ከሒሳብ ይውጣ ይላል። ፊተኛው ዓሊን፣ ኋለኛው ኖርተንን ይበድላል፤ ከሁለቱም ይልቅ የኋለኛው በደል ለወዳጅ የመቈርቈርን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው።

እስቲ ኖርተን ያደረገውን እንመልከት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። ማርች 31 ቀን 1973 በሳን ዲዬጎ ከተማ፣ ዓሊ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሰጠውን የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ ወደ መድረክ በወጣ ጊዜ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው በባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ ለዕለት እንጀራው ሲል ከቦክሰኛው ከጆ ፍሬዘር ጋር በልምምድ ይጋጠም የነበረ፣ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው እምብዛም ያልነበረ ቦክሰኛ ነበር። ከ12 ዙር በኋላ ግን ፍርዱ ሁለት ለአንድ ለኖርተን ሆነ፤ ዓሊም መንጋጋው ተሰብሮ ከመድረክ ወረደ። ይህ በዕድል የመጣ አልነበረም። አሠልጣኙ ኤዲ ፈች፣ ዓሊ ግራ እጁን ቀጥ አድርጎ ሲሰነዝር ቀኝ እጁ አገጩን ለመጠበቅ በስፍራው እንደማይገኝ አስተውሎ ስለ ነበር፣ ኖርተን የዓሊን ግራ ሸሽቶ በማሳለፍ ፈንታ በዚያችው ቅጽበት የራሱን ግራ እንዲሰነዝር አስተማረው። ኖርተንም ቀኝ መዳፉን ከአገጩ አጠገብ አንሥቶ የዓሊን ቡጢ እየመከተ፣ የኋላ እግሩን መሬት ለመሬት እየሳበ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳይል ይገሠግሥ ነበር። ዓሊ ደግሞ ከቡጢ የሚድነው በክንዱ በመመከት ሳይሆን ራሱን ወደ ኋላ በማዘንበል ነበርና፣ ርቀቱን የሚለካበት ግራ እጁ በታገደበት ጊዜ ያ በዓለም የተደነቀ ጥበቡ መሠረቱን አጣ።

እንዲህ ያለውን ጥናት፣ እንዲህ ያለውን ትጋትና ልበ ሙሉነት፣ ሰውዬው የማይመች ነበር ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ ፍትሕ ነውን? ፍሬዘር ዓሊን በ1971 ሲያሸንፈው ብርታቱን ታመሰግናላችሁ፤ ኖርተን ሲያሸንፈው ግን የሰውነቱን አኳኋን ትወቅሳላችሁ። አንድ ሠራተኛ ለፍቶ የሠራውን ሥራ ለቁመናው መስጠት፣ ደመወዙን ከመንጠቅ በምን ይለያል?

በሌላው በኩል ደግሞ፣ ዓሊን በኖርተን መለኪያነት ብቻ ዝቅ የምታደርጉት ሆይ፣ የሐተታችሁን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ተከትላችሁት እንደ ሆነ ራሱን ሲያፈርስ ታገኙታላችሁ። ዓሊን ያሰቃየውን ኖርተንን ጆርጅ ፎርማን በማርች 1974 በካራካስ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጣለው፤ ያንኑ ፎርማን ዓሊ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ቀን በኪንሻሳ በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ታዲያ ከሦስቱ ማን ከማን ይበልጣል? የአንዱ ኃይል ለሌላው ድካም የሚሆንበት ምክንያት በእጅ ርዝመት፣ በእግር አሰላለፍ፣ በጊዜ አመራረጥ የተሠወረ ነውና፣ እገሌ እገሌን ስላስቸገረው እገሌ ታላቅ አይደለም የሚለው ሐተታ የመድረክን ነገር የማያውቅ ሰው ሐተታ ነው።

ጆ ሉዊስን አስታውሱ። እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስታውስበት የራሳችን ምክንያት አለን፤ በጁን 25 ቀን 1935፣ ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ጦሯን በምታዘጋጅበት በዚያ የመከራ ዋዜማ፣ ይህ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት ግዙፉን ኢጣልያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በያንኪ ስታዲየም በስድስተኛው ዙር ሲያሸንፈው፣ በአሜሪካ የነበሩ ጥቁር ወንድሞቻችን የኢትዮጵያን ስም ከእርሱ ስም ጋር አያይዘው ደስታቸውን ገልጸዋል። ያ ሉዊስ እንኳ የሚያስቸግሩት ሰዎች ነበሩት። የቺሌው አርቱሮ ጎዶይ በፌብሩዋሪ 1940 ወገቡን አጥፎ እስከ መሬት ዝቅ እያለ 15 ዙር አደከመው፤ ጀርዚ ጆ ዋልኮት ደግሞ በዲሴምበር 1947 ሁለት ጊዜ ከመሬት ጣለው፤ ያን ጊዜ ሉዊስ የተሸነፈ መስሎት ፍርዱ ሳይነገር ከመድረክ ሊወርድ ቃጥቶ ነበር፤ ሁለቱ ዳኞች ግን ለእርሱ ፈረዱለት። ሆኖም ሉዊስ ሁለቱንም እንደ ገና ገጠማቸው፤ ጎዶይን በስምንተኛው፣ ዋልኮትን በ11ኛው ዙር ጨረሳቸው። በዚህ ነገር ሉዊስ ከዓሊ እንደሚበልጥ አልሸሽግም። እርሱ ያልተፈታለትን ምሥጢር ተመልሶ ፈታው፤ ዓሊ የኖርተንን ምሥጢር እስከ መጨረሻው አልፈታውም፤ ይህም ሳይቀነስና ሳይጨመር ሊጻፍ ይገባዋል።

ነገር ግን የማትመዝኑት አንድ ነገር አለ፤ የደብዳቤዬም ፍሬ ነገር እርሱ ነው። ዓሊ ተመልሶ ሄደ። መንጋጋው ከተሰበረ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1973 በካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ፣ ሰውነቱን አቅልሎና ልምምዱን አጥብቆ ያንኑ ሰው ገጠመው፤ የመጨረሻውንም ዙር በብርቱ ተጋድሎ ወስዶ ሁለት ለአንድ በሆነ ፍርድ አሸነፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ ከማንም ይበልጥ የሚያስቸግረውን ተቀናቃኝ አክሊሉን አስይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀበለው። በዚህ ዕደ ጥበብ ውስጥ አንድ ሻምፒዮን የማይመቸውን ሰው የሚሸሽበት መንገድ ብዙ እንደ ሆነ ከእናንተ የተሠወረ አይደለም፤ ገንዘቡ አነሰ ይባላል፣ ቀኑ አልተመቸም ይባላል፣ ሌላ ተጋጣሚ ይቀድማል ይባላል፣ ዓመታትም ያልፋሉ። ንጹሕ መዝገብ ይዘው ከመድረክ ከተሰናበቱት መካከል ስንቶቹ የራሳቸውን ኖርተን ሳይገጥሙ እንደ ቀሩ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ እነርሱንም ባለመቸገራቸው ታመሰግናላችሁ፤ ዓሊን ግን ችግሩን ፈልጎ በመሄዱ ትቀጡታላችሁ።

ያዕቆብ ሌሊቱን ሁሉ ሲታገል አድሮ በረከቱን በተቀበለ ጊዜ ከጭኑ ያነክስ ነበር፤ ኦሪትም በረከቱን ጽፋ ማንከሱን አልደበቀችም። እናንተም የዓሊን ገድል ስትጽፉ ከዚህ የተለየ ሥርዓት ልትከተሉ አይገባም፤ ይህን ስል በተለይ የሦስተኛውን ግጥሚያ ነገር እያሰብሁ ነው።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1976፣ በዚያው ሉዊስ ካርኔራን በጣለበት በያንኪ ስታዲየም፣ 15 ዙር ከተፈጸመ በኋላ ሁለቱ ዳኞች 8 ለ7፣ የመሀል ዳኛው አርተር መርካንቴም አንዱን ዙር እኩል አድርጎ 8 ለ6 ለዓሊ ፈረዱ። በኒው ዮርክ የነበረው የዳኝነት ሥርዓት ዙርን ለአሸናፊው የሚሰጥ እንጂ በነጥብ ብዛት የሚያመዛዝን ስላልነበረ፣ ኖርተን በብርቱ ቡጢ በግልጽ የወሰደው ዙርና ዓሊ በጥቂት ፈጣን ምት በጭንቅ የወሰደው ዙር በአንድ ዋጋ ተቈጠሩ። በሁለቱ ዳኞች ወረቀት ላይ እስከ 14ኛው ዙር ፍጻሜ ድረስ ሁለቱ ሰዎች እኩል ነበሩ፤ ኖርተን ግን እየመራህ ነው የሚለውን የረዳቶቹን ቃል አምኖ በ15ኛው ዙር ራሱን ቈጠበ፤ ዓሊም ያንን ዙር ወሰደ፤ አክሊሉም በዚያች በሦስት ደቂቃ ጸና። ኖርተን እያለቀሰ ከመድረክ ወረደ። እኔ በበኩሌ ያን ሌሊት ያሸነፈው ኖርተን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ለብቻችሁ ስትነጋገሩ እንዲሁ እንደምትሉ፣ ብዕር ስታነሡ ግን የታላቁን ሰው ስም ላለመድፈር ብላችሁ እንደምታለሰልሱት እገምታለሁ። ዓሊ ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር የሚለውንም ማመካኛ ተዉት፤ ዓሊ 34፣ ኖርተን 33 ዓመታቸው ነበርና። እርግጥ ነው፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከፍሬዘር ጋር በማኒላ ያደረገው ፍልሚያ ከዓሊ ሰውነት ብዙ ወስዷል፤ ነገር ግን ይህን ዕዳ ኖርተን እንዲከፍለው ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የዚያ ሰው ኋለኛ ዕጣ እንዴት እንደ ነበረም አስቡ። በ1978 የዓለም የቦክስ ምክር ቤት ቀበቶውን ከሊዮን ስፒንክስ ወስዶ ለኖርተን ሰጠው፤ በዚያው ዓመት ጁን 9 ቀን ላሪ ሆልምስ ከ15 አስጨናቂ ዙር በኋላ ሁለት ለአንድ በሆነ ፍርድ ወሰደበት። እንዲህ ሆኖ ኖርተን የሻምፒዮንነት ስም ይዞ፣ ነገር ግን ለዓለም አክሊል በተደረገ ግጥሚያ አንድ ጊዜ እንኳ እጁ ሳይነሣለት ኖረ። በ1992 በዝና አዳራሻችሁ አስገብታችሁታል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል። በ2013 ዐረፈ፤ ዓሊም በ2016 ተከተለው፤ ከእንግዲህ ስለ ሁለቱም የሚናገሩት የእናንተ መዛግብት ናቸው።

ስለዚህ የምለምናችሁ እነሆ፦ ለወደፊት የ1976ን ግጥሚያ ውጤት በምትጽፉበት ስፍራ፣ ዓሊ አሸነፈ ብላችሁ አትለፉ፤ የሦስቱን ዳኞች ቍጥር፣ የ15ኛውን ዙር ነገር፣ ፍርዱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር መሆኑን ጨምሩበት። ስለ ኖርተን በምትጽፉበት ስፍራ፣ ዓሊን ስላስቸገረው አቋሙ ብቻ ሳይሆን፣ ከኤዲ ፈች ጋር ስላጠናው ጥናትና ስለ ግራ እጁ ሥራ ጻፉ። ዓሊንም ከሉዊስ በላይ ወይም በታች ብታስቀምጡት የእናንተ ፈንታ ነው፤ ብቻ በምታስቀምጡት ስፍራ ላይ እነዚያን 39 ዙሮች ሳትደብቁና ሳታቃልሉ ከስሙ ጋር አኑሩለት።

በታላቅ አክብሮት፣
ከአዲስ አበባ አንድ የቦክስ ወዳጅ