ቁጥር የሌለው ቅሬታ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ኮዱን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያበረክተው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ይሁን እንጂ ይህ «ማንም» የተባለው ሰው ማሻሻያውን ይዞ ሲቀርብ በብዙ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ደጃፍ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? ችግሩ አስቀድሞ በፕሮጀክቱ የጉዳይ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቁጥር ካልተሰጠው በቀር፣ ማሻሻያው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ወደ ውስጥ አይገባም።

ይህ ደንብ በወጣት ባለሙያዎቻችን ዘንድ፣ በአዲስ አበባም ሆነ እዚህ አትላንታ፣ እንደ ቢሮክራሲ ሊቆጠር ይችላል። ስሜቱ የሚገባ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ፋይሉ አልተገኘም፤ ነገ ተመለስ» ሲባል ለኖረ ባለጉዳይ፣ «የመዝገብ ቁጥር» የሚለው ሐረግ ብቻውን ድካም ይቀሰቅሳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ተቃራኒው ነው። ደንቡ ድምፁ ለማይሰማ ወገን ጋሻ ነው፤ እንደ አማርኛ ላለ ቋንቋ ተናጋሪ ደግሞ ይበልጥ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ገንቢዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የጉዳይ መዝገባቸውን ወደ ጊትሃብ አዛውረዋል፤ ለፓይተን የሚቀርብ ማሻሻያም ርእሱ በጉዳዩ ቁጥር እንዲጀምር ይጠበቃል። ቀንን፣ ቁጥርንና የፊደል ቅደም ተከተልን በየቋንቋው ልማድ የሚያሰናዳው፣ በዩኒኮድ ማኅበር ሥር ያለው አይሲዩ ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል። የለውጡ መግለጫ በመዝገብ ቁጥር ካልጀመረ አውቶማቲክ ማጣሪያው ያግደዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮድ ምን እንደተለወጠ ይናገራል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ያንን የሚጠብቀው መዝገቡ ነው። ለውጡን የሠራው ሰው ፕሮጀክቱን ለቆ ከሄደ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ተረካቢ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ክርክሩን፣ አማራጮቹንና ውሳኔውን ያገኛል። ደንቡ አበርካቹንም ይጠቅማል። ሐሳቡ በፕሮጀክቱ የማይፈለግ ከሆነ ያንን የሚያውቀው የአንድ ወር ሥራ ካፈሰሰ በኋላ ሳይሆን አንድ አንቀጽ ከጻፈ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎችም ሳይተዋወቁ አንዱን ችግር በከንቱ አይደግሙትም።

የመዝገብ ዋጋ ይበልጥ የሚታወቀው ክትትሉ ሲጎድል ነው፤ ለዚህም አትላንታ ራሷ ምስክር ናት። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚህች ከተማ የሚገኘው ኤክዊፋክስ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚያጠናቅር ኩባንያ ነው። በዚህ አገር ቤት ለመግዛት ወይም መኪና በብድር ለመውሰድ የሞከረ ኢትዮጵያዊ መረጃውም ከእንዲህ ዓይነት ኩባንያዎች እጅ አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 የአፓቺ ስትራትስ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አዘጋጆች በሶፍትዌሩ የተገኘውን አደገኛ ቀዳዳ ከነመጠገኛው ይፋ አደረጉ። ቀዳዳው ሲቪኢ-2017-5638 የሚል ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነበረው። ኤክዊፋክስም ስትራትስን ይጠቀም ስለነበር፣ ከሁለት ቀን በኋላ ማስጠንቀቂያው ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞቹ በኢሜይል ተላለፈ፤ ጥገናው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲከናወንም ታዘዘ። ትእዛዙ ተላለፈ እንጂ መፈጸሙ አልተረጋገጠም፤ ኋላ የተደረገው ፍተሻም ቀዳዳውን ሳያገኘው ቀረ። አጥቂዎች በሜይ ወር አጋማሽ ገብተው ለ76 ቀናት ቆዩ፤ የ148 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃም ለዘረፋ ተጋለጠ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ ሊከላከሉት ይቻል እንደነበር ደምድሟል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ መላክና ጉዳይን መዝግቦ መከታተል አንድ አይደሉም። ለ400 ሰው የተነገረ ጉዳይ የማንም ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የተመዘገበ ጉዳይ ግን ባለቤት፣ ቀንና ገና አለመዘጋቱን የሚያሳይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ቁጥርን የሙጥኝ የሚሉት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ በ2021 በወጣው 14ኛው እትም ተካተዋል። ይህ የሆነው ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ፣ አገልግሎትና ማስረጃ በሰነድ ጽፈው፣ ሰነዱም በቁጥር ተመዝግቦ ስለታየ ነው። በቡና ላይ የተነሣ ቅሬታ ብቻውን አንድም ፊደል አላስገባም።

እኛ ግን ዛሬም የምናጉረመርመው በቃል ነው። ስልኩ የአማርኛውን ቃል አበላሸ፣ ፕሮግራሙ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም እንላለን፤ ጨዋታው ሲያልቅ ቅሬታውም አብሮ ያልቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በሌላ አህጉር ያለ መሐንዲስ ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን መሆኗን በራሱ ሊያውቅ አይገደድም። ነገር ግን «ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብዬ ሳስገባ ፕሮግራሙ አይቀበልም፤ ቀኑ ግን በእርግጥ የነበረና ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር የሚገጥም ነው» ተብሎ፣ ከነፕሮግራሙ እትም ቁጥር ቢጻፍለት፣ ችግሩን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሊያየው ይችላል። እንዲህ ያለውን ዘገባ ለመጻፍ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ ቀን መቁጠሪያውን ማወቅ ይበቃል።

ደንቡ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንዲት የተሳሳተች ፊደል ለማረም መዝገብ ማስከፈት ሰውን ከማራቅ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ፓይተንም ጥቃቅን እርማቶችን ከግዴታው ነጻ ያደርጋል። ሌላው መሰናክል ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው መምህር ስለ አማርኛ ያለው ዕውቀት ከብዙ ፕሮግራመሮች የሚበልጥ ቢሆንም ደጃፉ ላይ ይቀራል። ፕሮጀክቶች የመጀመሪያውን ዘገባ በተናጋሪው ቋንቋ ተቀብለው ኋላ ቢያስተረጉሙት ከኪሳራው ትርፉ ያመዝናል። ደግሞም መዝግቦ ለዓመታት መልስ አለመስጠት የጉዳይ መዝገብን ወደ ጉዳይ መቃብር ይለውጠዋል፤ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ መልስም ሊሰጥ ይገባዋል።

እነርሱ የድርሻቸውን እስኪያደርጉ ግን የእኛ ድርሻ አይቆምም። በአትላንታና በአካባቢዋ በሶፍትዌር ሙያ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ከማኅበረሰቡ የሚሰሙትን ቅሬታ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው የመመዝገብ አቅም አላቸው። በአገር ቤት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪው ኮድ ከመላኩ በፊት ችግርን አጥርቶ መጻፍን እንዲለማመድ ቢያደርጉ መልካም ነው። የተመዘገበ ጉዳይ ሁሉ አይፈታ ይሆናል። ያልተመዘገበውን ግን ሊፈታው የሚችለው ሰው ከናካቴው አያውቀውም።